በዓይን ቆብ የሚለካ ሙቀት

እንቁላሉን ከመደርደሪያው በሦስት ጣቷ ታነሣዋለች። ዓይኗን ትጨፍንና የእንቁላሉን ሆድ በቀኝ ዓይኗ ቆብ ላይ ቀስ አድርጋ ታሳርፈዋለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እስኪባል። እንቁላሉ ከቆቧ ጋር እኩል ከሆነ፣ ሞቀኝም ቀዘቀዘኝም ካላሰኛት፣ ወደ ቦታው ትመልሰውና «ደህና ነው» ትላለች። ጫጩት መፈልፈያው ውስጥ እሷ «ደህና ነው» ካለች በኋላ ሌላ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርታለች። መፈልፈያው ትንሽ ነው፤ እንቁላሎቹ አሥራ ስምንት ቀን የሚቀመጡበት ሞቃት ክፍል፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት አሳልፈው የሚፈለፈሉበት ሌላ ክፍል፣ ጫጩቶቹ በካርቶን የሚታሸጉበት አዳራሽ፣ አንዲት ጠባብ ቢሮ፣ በቃ። ማሽኖቹ አርጅተዋል። ከሙቀት መለኪያዎቹ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ ከኋላ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ሁለቱም እንደ ጣውንት አንድ ቀን ተስማምተው አያውቁም። ሲጣሉ የሚያስታርቃቸው የእሷ ዓይን ነው። ለዚህም ነው «እትዬ ዲግሪ» የተባለችው። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ስላቋረጠች ስሙን ትወደዋለች። «እናንተ አራት ዓመት የለፋችሁበትን እኔ በጥቅሻ አገኘሁት» ትላለች።

ሙያውን ያስተማረቻት ከእሷ በፊት ክፍሉን ትጠብቅ የነበረች ሴትዮ ናት። «እጅሽን አትመኚ» ብላት ነበር በመጀመሪያው ቀን። «እጅን ሥራ ያደነድነዋል፣ ሳሙና ያሻክረዋል። የዓይን ቆብ ግን ሥራ ፈት ነው። ከመተኛት በቀር የሚያውቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ አይዋሽም።»

ከእሷ ጋር ዕድሜውን እዚያው የገፋው መካኒኩ ነው። ወደ ስልሳ ይጠጋል። ከሰው ጋር ከማውራት ከብሎን ጋር መወያየት የሚቀለው ሰው ነው። በስምንት ዓመት ቢበልጣትም «እትዬ» ይላታል፤ እሷም «ጋሼ» ትለዋለች። የማሽኑ ሙቀት መቆጣጠሪያ ጎኑ ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን አለችው። መካኒኩ ብሎኗን የሚያዞረው መለኪያውን አይቶ ሳይሆን የእሷን ፊት አይቶ ነው። «ትንሽ ጨምር» ስትለው በጥፍሩ ልክ ያዞራል፤ «ይብቃ» ስትለው ያቆማል። ከመቶ እንቁላል ሰማንያ አምስት፣ አንዳንዴም ዘጠና ጫጩት ይወጣል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

ወር አበባዋ ከቀረ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው፣ በሃምሳ አንድ ዓመቷ፣ ያ ነገር ጀመራት።

ከደረቷ ነው የሚነሣው። መጀመሪያ ሰው በጆሮዋ ክፉ ወሬ የነገራት ያህል ልቧ ድንግጥ ይላል። ከዚያ ሙቀቱ አንገቷን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ ጆሮዎቿ ይግላሉ፣ ፊቷ ቲማቲም ይመስላል፣ ላቡ ከፀጉሯ ሥር ይንቆረቆራል። ያገኘችውን ባዶ የእንቁላል ትሪ አንሥታ ታራግባለች። አምስት ደቂቃ ቢሆነው ነው። ሲያልፍ ደግሞ ላቡ ይበርድባትና ዝናብ እንደመታት ድመት ትንቀጠቀጣለች። በቀን ስምንት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ። ሌሊቱን አለመቁጠር ይሻላል።

ሌሊቱን የሚቆጥረው ባሏ ነበር። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አንድ ጠዋት ካፖርቱን እንደደረበ ቁርስ ላይ ተቀመጠ።

«ምነው፣ ልትወጣ ነው?» አለችው።

«የለም፣ አሁን ገና መግባቴ ነው። መስኮቱን በረገድሽው፣ ብርድ ልብሱን ወለሉ ላይ ጣልሽው፣ በሩንም ከፈትሽው። እኔ እኮ አውቶቡሱ ላይ እንኳ ይሄን ያህል ነፋስ አይመታኝም።»

«ሞቀኝ አልኩህ።»

«ሞቀኝ ካልሽ ታዲያ ምናለ ብታካፍዪኝ?»

ሳቀች። ግን እንቅልፍ ካጣች ወራት ተቆጥረው ነበርና ሳቋ መሃል ላይ ደከመው።

ለታላቅ እህቷ በስልክ ነገረቻት። እህቷ ቆፍጣና ናት፤ በዚያው ድምፅዋ አጽናናቻት። «እኛስ ማን አከመን? ችለን አሳለፍነው። ደግሞ ሦስት ዓመት ነው፤ ቢበዛ አምስት።» እሷም ስልኩን ከዘጋች በኋላ «ቢበዛ አምስት፣ ቢበዛ አምስት» እያለች ሳህን አጠበች። ሴት ሁሉ ያለፈበትን መንገድ እኔ ብቻ ሞቀኝ ብዬ ልጮህበት? አለች በልቧ። ለሌላ ሰው ሳትነግር ዝም አለች።

ዝምታው የከፋው አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። እንቁላሎቹ ማሽን ከገቡ ዘጠነኛ ቀናቸው ነበር። ኮሪደሩ ላይ ያ ሙቀት መጥቶባት፣ አራግባ አራግባ አሳልፋው፣ ላቧ ፊቷ ላይ ደርቆ ቆዳዋ እንደ ብርጭቆ ቀዝቅዞ ወደ ክፍሉ ገባች። አንድ እንቁላል አንሥታ ቆቧ ላይ አሳረፈች። ፈጃት። ሁለተኛ አነሣች። እሱም ፈጃት።

«ጋሼ፣ እንቁላሎቹ ሊቀቀሉ ነው» አለች።

መካኒኩ በሩ ላይ ያለውን መለኪያ አየ። ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት ይላል፤ መሆን ያለበት ነው። «ይሄ ደግሞ ዛሬም ይዋሻል» አለና ጠመንጃ መፍቻውን ከኪሱ አወጣ። ዞር አደረገ፣ ጠበቀ፣ አሳያት፤ አሁንም ዞር አደረገ። ፊቷ የቀዘቀዘ መሆኑን እሱ በምን ያውቃል? እሷ «ይብቃ» እስክትል ድረስ ብሎኗ ሙቀቱን ከአንድ ዲግሪ በላይ አውርዳው ነበር።

በማግስቱ እንቁላሉ ቀዘቀዛት። ለሦስት ቀን ደጋግሞ ቀዘቀዛት። ነገር ግን ሙቀቱ በየሰዓቱ እየመጣ ፊቷን ይፈጀው ስለነበር «የሞቅኩት እኔ ነኝ፤ እንቁላሉ ምን አደረገ» አለች። የተናገረችውን ማፍረስም አፈረች። ዝም አለች፤ ብሎኗም ባለችበት ቀረች።

ሃያ አንደኛው ቀን ሲነጋ ሠራተኞቹ የመፈልፈያው ክፍል በር ላይ ጆሯቸውን ለጠፉ። በዚያ ቀን ግድግዳው ራሱ መጮህ ነበረበት። ጸጥ ብሏል። ጫጩት የሚያረቡ ደንበኞች ባዶ ካርቶን ታቅፈው ደጅ ላይ ቆመዋል። ጫጩቶቹ የወጡት ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ከመቶው ስልሳ እንኳ አልሞሉም። ከወጡትም ብዙዎቹ እግራቸው አልጸና ብሎ ወንበር ያጣ እንግዳ መስለው ተቀመጡ።

ሥራ አስኪያጇ ወጣት ናት፤ ቁጡ አይደለችም። ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰብስባ «ምን ሆነን ነው?» ብላ ጠየቀች። መካኒኩ መለኪያውን ከሰሰ። ከአሻጊዎቹ አንዷ ዶሮዎቹን ከሰሰች፤ ሌላዋ «አውራዎቹ አርጅተው ይሆናል» አለች። እትዬ ዲግሪን ማንም አልከሰሳትም፤ ይሄ ነው ያቃጠላት። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጇ ቁጥሩን በመስታወት የሚያሳይ አዲስ መለኪያ ገዝታ መጣች። ሽቦውን መካኒኩ ክፍሉ ውስጥ ሰቀለው።

«ከእንግዲህ የምንሰማው ይሄን ነው» አለች። ወደ እትዬ ዲግሪ ዞር ብላም ድምፅዋን አለዘበች። «እርስዎም ትንሽ ይረፉ።»

ያን ቀን ቤቷ ገብታ ወደ ማሸጊያው አዳራሽ እንዲያዛውሯት ማመልከቻ ጻፈች። ሦስት ጊዜ ቀደደችው፤ በአራተኛው አጠፈችው። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለውን ነገር ለሰው ማስረዳት አትችልም። ጨለም ያለው ብርሃን፣ የማራገቢያው እንጉርጉሮ፣ ሺህ እንቁላሎች ሳይናገሩ የሚያሰሙት አንድ ዓይነት መኖር። እዚያ ስትቆም ትታመን ነበር። ከባሏና ከልጆቿ በቀር እንዲህ ያመናት ነገር አልነበረም።

ማመልከቻውን ከማስገባቷ በፊት ለመካኒኩ አሳየችው። እሱ ጓሮ ተቀምጦ ሞተር ይፈታ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ማነው ያስቀየመሽ?»

«ማንም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ። መለኪያው ልክ ነበር። ብሎኗን ያስዞርኩህ እኔ ነኝ። በማግስቱም እንደበረደው አውቄ ዝም አልኩ።» ከዚያ የቀረውን ተናገረች፤ ሙቀቱን፣ ብርዱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን። ስትጨርስ ወሬውን ለወንድ ማውራቷ ትዝ አላትና ጫማዋን ማየት ጀመረች።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የጠረገውን ደግሞ ጠረገ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ማሽኑን ባንቺ ሳስተካክለው ነው የኖርኩት» አለ በመጨረሻ። «መለኪያ ሲሳሳት እኮ አይጣልም። ተከፍቶ ይታያል።»

«እኔን ማን ይከፍተኛል?»

«ሐኪም ነዋ።» ጆሮው ቀላ። «ሚስቴ… እሷም እንዳንቺ ሆና ነበር። አንድ ጊዜ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ጭንቅላቷን ወተቱ አጠገብ አድርጋ አገኘኋት። አሁን የምትለጥፈው ነገር አላት። እዚህ ጋ» ብሎ ወገቡን ሊያሳይ ሲል አፍሮ እጁን መለሰ። «የት እንደሆነ ራሷ ትንገርሽ። ስልኳን እሰጥሻለሁ። እኔ ምንም አላልኩም፣ እሺ?»

«ምንም አላልክም» አለች፤ ሳቋ አመለጣት። ብዙ ሰው የሚያፍርበትን ነገር ይህን የሚያህል ዓይን አፋር ሰው ደፍሮ ተናገረላት።

ማመልከቻውን ግን አስገባች። ሥራ አስኪያጇ አንብባ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችውና «መጀመሪያ ይታከሙ። ሦስት ወር እንይ። እስከዚያ መለኪያውን እየተከታተልን እንሠራለን፤ ማንፈሻውንም ብሎኗንም አይንኩ» አለቻት። ማንፈሻ የሚሉት በክፍሉ ጣሪያ ሥር ያለውን፣ በገመድ ተስቦ የሚከፈተውን አየር ማስገቢያ ነው። ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት ከእሷ ሌላ ሰው አልከፈተውም። «እሺ» ብላ ወጣች።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። መጀመሪያ ጠየቀች፤ ብዙ ጠየቀች። ወር አበባዎ መቼ ነው የቀረው? ከዚያ ወዲህ ደም ታይቶዎት ያውቃል? ጡትዎ ላይ ያበጠ ነገር? ደም ረግቶብዎት ያውቃል? ጉበትዎን ታመው ያውቃሉ? ሲጋራ ያጨሳሉ? የደም ግፊቷን ለካች፣ ጡቷን መረመረች፣ ለጡት ራጅም ቀጠሮ ጻፈችላት። ከዚያ ወረቀት ላይ ትንሽ ቤት ሣለች።

«ማረጥ ነው፤ በሽታ አይደለም» አለች። «ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ፣ አንጎል ውስጥ ያለው ሙቀት ተቆጣጣሪ ይደነብራል። ትንሽ ሞቅ ሲል ቤቱ የተቃጠለ ይመስለውና መስኮቱን ሁሉ ይበረግዳል። ላቡም፣ መቅላቱም ያ ነው።»

«እንደኔ» አለች እትዬ ዲግሪ። «እኔም ልክ የነበረውን የማሽን ሙቀት አስቀንሻለሁ። ታዲያ ብሎኗን የሚመልስ ነገር አለ?»

«አለ። የጎደለውን ኢስትሮጅን በጥቂቱ እንተካለን። ለእርስዎ ሆድዎ ላይ የሚለጠፍ ይሻላል። በሳምንት ሁለቴ ይቀይሩታል፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ ከእምብርት በታች። ጡት ላይ አይለጠፍም። ማሕፀንዎ ስላለ ደግሞ ኢስትሮጅኑን ብቻውን አንሰጥም፤ የማሕፀንን ግድግዳ ያወፍራል፣ ሲቆይም ወደ ካንሰር ሊወስድ ይችላል። እሱን የሚከላከል ፕሮጄስትሮን የሚባል ክኒን ሲተኙ ይውጣሉ።»

«ጉዳትስ የለውም?»

«አለው፤ አልደብቅዎትም። ሁለቱ አብረው ለዓመታት ሲወሰዱ የጡት ካንሰርን ዕድል በጥቂቱ ከፍ ያደርጋሉ። የደም መርጋትም አለ፤ በዚህ በኩል የሚለጠፈው ከሚዋጠው ይሻላል። ዕድሜዎ፣ ጤናዎ፣ ወር አበባዎ ከቀረ ያለፈው ጊዜ ሲታይ ለእርስዎ ጥቅሙ ያመዝናል ባይ ነኝ። የሚወስኑት ግን እርስዎ ነዎት። ከጀመሩ በሦስት ወር እንተያያለን። ደም ከታየዎት ይንገሩኝ። እግርዎ አብጦ ካመመዎት ወይም ደረትዎን ከወጋዎት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።»

እትዬ ዲግሪ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች። «የምፈልገው እንቅልፍ ብቻ አይደለም፣ ዶክተር። እንቁላል መለካት እፈልጋለሁ።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ስትሰማ ቆየችና ሳታስበው አንድ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን ቆቧ ላይ አሳረፈች። «ይሄን በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩትም» አለች እየሳቀች። «ሙቀቱን በጣም እንደሚቀንሰው አውቃለሁ። ዓይንዎን በተመለከተ ግን የሚነግሩኝ እርስዎ ነዎት።»

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም የተለየ ነገር አልነበረም፤ ጡቷ ትንሽ ከመቆጥቆጡ በቀር። በሦስተኛው ሳምንት ውስጥ አንድ ጠዋት ባሏ ላብ በላብ ሆኖ ነቃ። ሹራብ ለብሶ፣ ካልሲ አድርጎ፣ ብርድ ልብስ ደርቦ ነበር የተኛው፤ መስኮቱ ግን ዝግ ነው። ደንግጦ ትከሻዋን ነቀነቃት።

«አለሽ?»

«ምነው?» አለች በእንቅልፍ ድምፅ።

«ዛሬ እኮ አላስበረድሽኝም። የሞትሽ መስሎኝ።»

ተነሥታ ሰዓቱን ስታይ ከማታ ጀምሮ አንዴም ሳትነቃ ማደሯን አወቀች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ፈገግ አለች። እንቅልፍ ለካ እንዲህ ነው የሚጣፍጠው።

አንድ ቀን ደግሞ ማሸጊያው አዳራሽ ውስጥ ሳለች ባሏ ከአውቶቡስ ማደሪያው ደወለላት። «አንቺ ሴትዮ፣ ክንዴ ላይ ምንድነው የለጠፍሽብኝ?»

ሆዷን ዳሰሰች፤ የለም። «ወይ ጉድ፣ መድኃኒቴ ነው። ተላቅቆ ይሆናል። ንቀለውና አጣጥፈህ ጣለው፣ ቦታውንም ታጠብ።»

«ተቆጣጣሪው እኮ አይቶ ቁስል መስሎት ‹ወንድሜ፣ ለምን እረፍት አትወስድም› አለኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጢሜ ይረግፋል እንዴ?»

«ቢረግፍም ለፊትህ ይበጀዋል።»

ስልኩን ዘግታ አሻጊዎቹ ሁሉ ዞረው እስኪያዩዋት ሳቀች። ምን እንደሆነ ሲጠይቋት ነገረቻቸው፤ ሁሉንም ነገረቻቸው። እነሱም እየሳቁ፣ ሁለቱ ግን ሳቁን ቀድመው ጨርሰው፣ የሐኪሟን አድራሻ ጠየቋት። አንደኛዋ «ለጎረቤቴ ነው» አለች። ሌላዋ «ለእኔ ነው፤ ጎረቤት የለኝም» አለች።

የክፍሉ ነገር ግን እንዳለ ነበር። ትገባለች፣ እንቁላል በመብራት ፊት ይዛ ውስጡን ታያለች፣ መዝገብ ትሞላለች፣ ማንፈሻውን አትነካም። እንቁላል ዓይኗ ላይ ለማሳረፍ ሰባት ሳምንት ፈጀባት። ማንም በሌለበት አንድ አነሣች። «ሠላሳ ሰባት ተኩል» አለች ለራሷ፤ ከዚያ ዞራ መለኪያውን አየች። ሠላሳ ሰባት ነጥብ አምስት። በማግስቱ ደገመችው። በሳምንቱ ሁሉ ደገመችው። አንድ ጊዜ ብቻ ሙቀቱ መጥቶባት ነበርና ትታው ወጣች። ለማንም አልተናገረችም፤ ከተናገረች የሚበን መሰላት።

አሥራ አንደኛው ሳምንት ላይ፣ ረፋዱ ላይ፣ አሥራ ስድስተኛ ቀናቸውን የያዙ እንቁላሎች ወዳሉበት ክፍል ገባች። ሙቀት ተቀበላት። መለኪያው ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት ይላል።

ተመለሰብኝ፣ አለች። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች፤ ከደረቷ እስኪነሣ፣ አንገቷን ይዞ እስኪወጣ ጠበቀች። አልተነሣም። ልቧ ድንግጥ አላለም፣ ግንባሯ ደረቅ ነው። ኮሪደሩ ቀዝቃዛ ነው፤ እሷም እንደ ኮሪደሩ ናት። አምስት ደቂቃ ሙሉ ሰዓቷን እያየች ቆየች። ተመልሳ ገባች። ሙቀቱ እዚያው ጠብቋታል። ወደ ኋላው መደርደሪያ ዘልቃ እንቁላል አነሣችና ቆቧ ላይ አሳረፈች፤ ሦስት ሳትቆጥር አወረደችው። ከፊተኛው መደርደሪያ አንድ አነሣች፤ ያ ሰላም ነው።

አሁን መናገር ነበረባት። ባለፈው ተናግራ ነበር ያጠፋችው፤ ዝም ብላም አጥፍታለች። ብትሳሳት ደግሞ እዚህ ክፍል ሁለተኛ የሚያስገባት የለም፤ እሷ ራሷም አትገባም።

መካኒኩንና ሥራ አስኪያጇን ጠራች። «ኋላ ያሉት እየጋሉ ነው» አለች።

ሥራ አስኪያጇ መለኪያውን አየች። ድምፅዋ ውስጥ ርኅራኄ ነበረበት፤ ርኅራኄው ከቁጣ ይከብዳል። «እትዬ፣ ቁጥሩ ልክ ነው እኮ። ምናልባት ያ ነገር እንዳይሆን?»

«እኔም ለዚህ ነው ወጥቼ የቆየሁት። እሱ ከውስጥ ነው የሚመጣው፣ ይሄ ከውጭ ነው። እሱ መጥቶ ይሄዳል፤ ይሄ አልሄደም።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «አሁን ደህና ነኝ። የማንፈሻውን ገመድ ስጡኝ አልልም። እናንተው ክፈቱት። ግን አሁኑኑ።»

መካኒኩ መለኪያውን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ጠመንጃ መፍቻውን አላወጣም። «የትኩሳት መለኪያው የት ነው?» አለና ወደ መድኃኒት ሣጥኑ ሮጠ። ስልሳ የሚጠጋ ሰው ሲሮጥ አይታ አታውቅም ነበር።

ሥራ አስኪያጇ አንድ አፍታ ቆመች። የማንፈሻው ገመድ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ቁጥሩን አየችው፤ ከዚያ መካኒኩ እስኪመለስ ሳትጠብቅ ገመዱን ራሷ ሳበችው። ቀዝቃዛ አየር ከላይ ወረደ።

የትኩሳት መለኪያውን ከኋላው መደርደሪያ እንቁላሎች መካከል ሸጎጡት። ሦስቱም አጎንብሰው ጠበቁ፤ የታመመ ሕፃን ዙሪያ የተሰበሰበ ቤተሰብ ይመስላሉ። ሲጮህ መካኒኩ አወጣው። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አንድ።

መካኒኩ ከማሽኑ ጀርባ ገብቶ ተንበረከከ፤ ከዚያ ድምፁ ብቻ መጣ። «የኋላው ማራገቢያ ቀበቶ ወልቋል። ቆሟል። የፊተኛው ስለሚጮህ አልሰማነውም።» ብቅ ሲል ፊቱ ላይ አቧራም እፍረትም ነበረበት። «የአዲሱን መለኪያ ሽቦ ደግሞ የሰቀልኩት በሩ አጠገብ፣ ንጹሕ አየር የሚገባበት ቦታ ላይ ነው። እሱ ምን ያድርግ? የቆመበትን ነው የሚናገረው።»

«በሽተኛው እሱ ነበር በለኛ» አለች እትዬ ዲግሪ። መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጇም አጠገቧ ተቀመጠች፤ በዚያ ንጹሕ ሱሪዋ።

«ስንት ሰዓት ሆኗቸው ይሆን?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«ብዙ አይደለም። ጠዋት ስገባ ደህና ነበሩ።» ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረች። «ጠዋትም ለክቼያቸዋለሁ። ሰርቄ።»

«ስንት ጊዜ ነው የሚሰርቁት?»

«በየቀኑ። አራት ሳምንት ሆነኝ።»

ሥራ አስኪያጇ ሳቀች። ተነሥታ የክፍሉን መዝገብ አወረደች፤ የመለኪያው ቁጥር ከሚጻፍበት አጠገብ በማስመሪያ ሁለት መስመር አሰመረች። «እዚህ የእርስዎን ይጻፉ» አለች። «እዚህ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ መተኛትዎን፣ ሙቀቱ መምጣት አለመምጣቱን። ሁለቱ ቁጥሮች ከተጣሉ ሦስታችንም መጥተን እናያለን። ማንም ብቻውን ብሎን አያዞርም።»

በሃያ አንደኛው ቀን የመፈልፈያው በር ላይ ጆሮ መለጠፍ አላስፈለገም። ድምፁ ገና ከደጅ ይሰማ ነበር፤ እንደ ዝናብ፣ እንደ ትምህርት ቤት እረፍት። በሩን ሲከፍቱት ቢጫው ሁሉ ተነቃነቀ። አሻጊዎቹ ቆጥረው ከመቶ ሰማንያ ስድስት አሉ። ደንበኞቹ ካርቶኖቻቸውን አቅፈው ሄዱ፤ መንገዱ ሁሉ እየጮኸ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አዲስ እንቁላል ማሽን ገባ። ክፍሉ እስኪሞቅ ጠብቀው ሦስቱም ተሰበሰቡ። እትዬ ዲግሪ አንድ እንቁላል አነሣች፣ ዓይኗን ልትጨፍን ስትል እጇ አየር ላይ ቆመ። ከደረቷ ተነሥቶ ነበር፤ እንደ ድሮው ሳይሆን ለስለስ ያለ፣ አንገቷ ጋ ሲደርስ የሚያመነታ። ሐኪሟም ጨርሶ ላይጠፋ እንደሚችል ነግራታለች።

እንቁላሉን ወደ ቦታው መለሰችው።

«አሁን የሞቅኩት እኔ ነኝ» አለች ጮክ ብላ። «አምስት ደቂቃ ስጡኝ።»

«እንስጣት» አለ መካኒኩ፤ ባዶ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጇ መዝገቡን ገልጣ ቦታው ላይ ምልክት አደረገችና በመዝገቡ ታራግብላት ጀመር። እትዬ ዲግሪ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ጆሮዎቿ እንደጋሉ፣ የባሏን ጢም ነገር ትነግራቸው ጀመር።